ግሪሳ ወፍ በይፋት ቆላ፦ የመንጋው አኗኗርና የማሽላው ወቅት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማበርን ዋሻና የደብረ ሲናን ቁልቁለት ጨርሶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፣ በመስከረምና በጥቅምት ወራት ከመንገዱ ግራና ቀኝ በቁመቱ ሰውን የሚበልጥ ማሽላ ያያል። በሰሜን ሸዋ ዞን በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም እና በአጎራባች ወረዳዎች የሚገኘው የይፋት ቆላ ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርትም ያመርታል። የአብዛኛውን አርሶ አደር ቤተሰብ ዓመት የሚወስነው ግን ማሽላው ነው። እህሉ እንጀራና ቂጣ ይሆናል፤ አገዳው ከብት ይቀለብበታል፣ ይማገዳል፣ አጥርም ይታጠርበታል።

በዚሁ ጊዜ በየማሳው መካከል በእንጨት የቆሙ ማማዎች ይታያሉ። ወንጭፍ የያዙ፣ ጅራፍ የሚያጮኹ፣ ቆርቆሮ የሚደበድቡ ጠባቂዎች ገና ጎህ ሳይቀድ በማማዎቹ ላይ ይወጣሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። የሚጠብቁት 20 ግራም ገደማ የሚመዝን ወፍ ነው፤ ግሪሳ።

ስለ ግሪሳ ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው የአውሮፕላን ርጭት ነው። ርጭት በራሱ አስፈላጊ የሆነበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ መቼና የት እንደሚጠቅም፣ መቼ ደግሞ ከንቱ ድካም እንደሚሆን የሚወስነው የወፉ ጠባይ ነው። ግሪሳ ምግቡን የሚፈልግበት፣ የሚያድርበትና የሚራባበት መንገድ በሙሉ በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ ሁሉንም ነገር በአንድነት ማድረግ እና ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ማድረግ። ይህ ስልት ለወፉ ብርታቱ ነው፤ በሰው እጅ የሚጋለጥበት ደካማ ጎኑም እዚያው ውስጥ ይገኛል።

ዝናብ ሲጥል የሚራብ ወፍ

ግሪሳ ጎጆ በመሸመን ከሚታወቁት የወፍ ቤተሰቦች የሚመደብ ሲሆን፣ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሰሃራ በረሃ በስተ ደቡብ በሚገኙ ደረቅና ሣራማ አካባቢዎች ይኖራል። በዓለም ላይ ካሉት የዱር አእዋፍ ሁሉ በቁጥር ቀዳሚው እንደሆነ የሚነገርለት ሲሆን፣ ለመራባት የደረሱት ብቻ 1.5 ቢሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። በመራቢያ ወቅት የወንዱ ምንቃር ደማቅ ቀይ ሲሆን የሴቷ ግን ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ከዚያ ወቅት ውጭ ሁለቱም ከድንቢጥ ብዙም የማይለዩ፣ ዓይን የማይስቡ ወፎች ናቸው።

ዋነኛ ምግቡ የሣር ዘር ነው፤ የእህል ማሳ ሁለተኛ ምርጫው ነው። ትናንሽ የዱር ሣር ዘሮች በብዛት በሚገኙበት ጊዜ ከእነርሱ ርቆ አይሄድም። ችግሩ የሚመጣው ዘሩ ሲያልቅ ነው። የሚያልቅበት ወቅት ደግሞ ሰው ከሚጠብቀው የተለየ ነው። በበጋ ወራት መሬት ላይ የወደቀው ዘር በደረቁ ስለሚቆይ ወፉ እየለቀመ ይኖራል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን የተረፈው ዘር ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበቅላል። ለአርሶ አደሩ ደስታ የሆነው ዝናብ ለግሪሳ ረሃብ ነው፤ አዲሱ ሣር እስኪያፈራ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉና።

ይህን ክፍተት የሚሻገረው በጉዞ ነው። ዝናቡ ሊጀምር ሲል በሰውነቱ ውስጥ ስብ ያጠራቅማል። ከዝናብ በኋላ ከመሬት የሚወጡትን ክንፋም ምስጦችም እየለቀመ ይጠነክራል። ከዚያም የዝናቡን ግንባር ተሻግሮ፣ ዝናብ ቀደም ብሎ ወደ ጣለበትና ሣሩ ወዳፈራበት አካባቢ ይበራል። ቆይቶም የሣሩን መድረስ እየተከተለ ይመለሳል። በአንድ የመራቢያ ዘመንም በአንድ ስፍራ ብቻ ላይወሰን ይችላል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ጥቃቅን አንጸባራቂ ቅንጣቶችን ከአየር ላይ በመንጋው ላይ በመርጨት ወፎቹን ምልክት አደረጉባቸው፤ ከዚያም በስምጥ ሸለቆው አንድ ክፍል ጫጩት ያሳደጉ ወፎች በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ክፍል ተጉዘው እንደገና እንደሚራቡ የሚያመለክት ማስረጃ አገኙ።

የይፋት ቆላ ከዚህ ጎዳና ዳር የተቀመጠ ነው። የሮቢ፣ የጀውሃና የአጣዬ ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ወርደው በቆላው በኩል ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያመራሉ። በስተ ምሥራቅ የአፋር ሣራማ ሜዳዎችና የግራር ጫካዎች ይገኛሉ። ወፉ በሜዳው ለመራባት የሚፈልገው ሣርና ግራር አለው፤ በወንዞቹ ዳር የሚጠጣው ውኃ ያገኛል፤ የክረምቱ ዝናብ አልፎ ሣሩ ሲረግፍ ደግሞ ማሽላው በአቅራቢያው እሸት ይዞ ይቆማል። በአካባቢው የግሪሳ ወፍ በየጊዜው የሚመላለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በማሳው ላይ

አንድ ግሪሳ በቀን እስከ 10 ግራም እህል ሊበላ ይችላል፤ ይህም የራሱን ክብደት ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ለአንድ ወፍ ሲታሰብ ከእፍኝ ያነሰ ነው። መንጋው 100,000 ወፎች ቢኖሩት ግን በቀን 10 ኩንታል፣ አንድ ሚሊዮን ቢኖሩት 100 ኩንታል ይሆናል። ይህ ሁሉ ከማሳ ላይ ይወሰዳል ማለት አይደለም፤ የሣር ዘርም ይጨመርበታል። በሌላ በኩል ወፉ ከሚበላው በተጨማሪ እየመታ የሚያረግፈውና ምንቃሩ ነክቶት የሚበላሸው እህል በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ማሽላ በእጅጉ የሚጎዳው ፍሬው ወተት ከሚይዝበት ጊዜ ጀምሮ እስኪጠጥር ድረስ ባሉት ሳምንታት ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ፍሬ ለስላሳ በመሆኑ ወፉ በቀላሉ ይጨምቀዋል። ፍሬው ደርቆ ሲጠነክር ጉዳቱ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። በተለይ በዓመቱ የተፈለፈሉት ወጣት ወፎች ራሳቸውን ችለው መመገብ የሚጀምሩበት ጊዜ ከእሸቱ ወቅት ጋር ሲገጥም የመንጋው ብዛት ይጨምራል፤ ልምድ የሌላቸው ወጣቶችም በቀላሉ የሚገኘውን ምግብ ይመርጣሉ።

መንጋው ሲመገብ ከሩቅ ለሚያየው የሚንከባለል ጭስ ይመስላል። ከኋላ ያሉት ወፎች ፊት ያሉት የለቀሙትን ስፍራ ትተው፣ በላያቸው እየዘለሉ ከፊት ያርፋሉ፤ ወዲያው ሌሎቹ ደግሞ እነርሱን ይቀድማሉ። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ወፍ በተራው ያልተነካ ምግብ ያገኛል። ብዙ ዓይን በአንድነት ስለሚጠብቅም ጭልፊት ሲመጣ አንዱ ያየውን ሁሉም ያውቃል። ጭልፊቱ በሺህ ከሚቆጠሩ ተመሳሳይ ወፎች መካከል አንዱን ለይቶ ማሳደድ ይቸግረዋል። አንድ ወፍ ለብቻው በሜዳ ላይ ቢገኝ ግን የሚታደነው እርሱ ነው።

ወፉ ቀኑን ሙሉ አይበላም። አንዱ የመመገቢያ ጊዜው ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠነክር፣ ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ጀምሮ እስከ ምሽት ነው። በመካከሉ ውኃ ባለበት አካባቢ በዛፍ ጥላ ሥር ያርፋል። የይፋት ጠባቂዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ማማው ላይ ያልተገኘ ጠባቂ ቀኑን ሙሉ ቢጮህ የጠዋቱን ጉዳት አይመልሰውም። እዚህ ላይ የጥበቃው ዋጋ በገንዘብ ባይከፈልም ቀላል አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። የእሸቱ ወቅት ትምህርት ቤት ከሚከፈትባቸው የመጀመሪያ ወራት ጋር ይገጥማል፤ ማለዳና ማታ በማማ ላይ የሚውል ልጅ ከትምህርቱ የሚያጣው ብዙ ነው።

ጥበቃ ወፉን ያባርረዋል፤ አይገድለውም። ከአንዱ ማሳ የተባረረ መንጋ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ እየጠበቀ ሌላው ማሳውን ባዶ ሲተው ጉዳቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።

ማደሪያው

ምሽት ላይ በየአቅጣጫው ተበትነው የዋሉት መንጋዎች ወደ አንድ ማደሪያ ይሰበሰባሉ። ማደሪያው ጥቅጥቅ ያለ የግራር ቁጥቋጦ፣ በወንዝ ዳር ወይም በረግረግ ላይ የበቀለ ፊላ፣ አንዳንዴም የሸንኮራ አገዳ ማሳ ሊሆን ይችላል። በአንድ ማደሪያ በመቶ ሺህዎችና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወፎች ሊያድሩ ይችላሉ። ይህን ያህል ብዛት በአንድ ቦታ ማደሩ ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር የቆየ ጉዳይ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ግሪሳን ያጠናው ፒተር ዋርድ ከአሞጽ ዛሃቪ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው ሐሳብ፣ የወል ማደሪያ እንደ መረጃ ማዕከል ያገለግላል የሚል ነው። በዚህ ሐሳብ መሠረት ትናንት ምግብ ያላገኘ ወፍ፣ ጠግቦ የመጣውንና በማለዳ ያለማመንታት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚነሳውን ይከተላል። ሐሳቡ በሌሎች ተመራማሪዎች ዘንድ ክርክር አስነስቷል፤ በቂ ማስረጃ የለውም የሚሉም አሉ። ሆኖም ትናንት ጥቂት ወፎች የታዩበት ማሳ በማግስቱ በመንጋ የሚወረርበትን ምክንያት ለመረዳት ይረዳል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወፎች በቸልታ ማለፍ የማይገባውም ለዚህ ነው።

አንድ ላይ መፈልፈል

የግሪሳ የመራባት ጠባይ ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚሻ ነው። ዝናቡ በቂ ሆኖ ሣሩ ሲለመልም ወንዶቹ እርጥብና ረጃጅም የሣር ቅጠሎችን እየሰነጠቁ በግራር ቅርንጫፍ ላይ ጎጆ መሥራት ይጀምራሉ። ሣሩ ከደረቀ ስለሚሰበር አይሸመንም፤ ስለዚህ ያለ ዝናብ ጎጆ የለም። አንድ ወንድ ጎጆውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያደርሰዋል። እንደ ብዙዎቹ የሸማኔ ወፍ ዘመዶቹ ብዙ ሴቶችን አያግባባም፤ በአንድ ጎጆ ከአንዲት ሴት ጋር ይጣመራል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ 3 እንቁላሎች ትጥላለች። እንቁላሎቹ ከ10 እስከ 12 ቀናት ከታቀፉ በኋላ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አባጨጓሬና ሌሎች ነፍሳትን፣ ቀጥሎም ዘር እየተመገቡ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከጎጆ ይወጣሉ። ጎጆ ከመሥራት አንሥቶ ልጆቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ያለው ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ነው፤ ለወፍ እጅግ ፈጣን ነው ሊባል ይችላል።

የሚያስገርመው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። በአንድ መራቢያ ስፍራ ያሉት ጎጆዎች በሺህና በመቶ ሺህዎች ሲቆጠሩ፣ እንቁላል የሚጣልባቸው ግን በጥቂት ቀናት ልዩነት ነው። በዚህም ምክንያት ጫጩቶቹ በሙሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ሳምንት ይፈለፈላሉ። መራቢያው እንደተገኘ አባ ኮዳ፣ ንስር፣ ጭልፊት፣ እባብና አርጃኖ ይሰበሰባሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ አዳኝ በአንድ ጊዜ መጋበዝ እንዴት ይጠቅማል?

መልሱ በስሌት ይታያል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ስፍራ 100,000 ጎጆዎች፣ በእያንዳንዱም 3 ጫጩቶች አሉ እንበል፤ በድምሩ 300,000 ጫጩቶች ማለት ነው። በአካባቢው ያሉት አዳኞች ሁሉ ተደምረው በቀን 2,000 ጫጩት መብላት ቢችሉ፣ ጫጩቶቹ በጎጆ በሚቆዩባቸው 12 ቀናት 24,000 ይበላሉ፤ ይህ ከመቶ 8 ነው። ወፎቹ በአንድነት መራባታቸውን ትተው በየተራ በ10,000 ጎጆ ቢከፋፈሉ ግን በእያንዳንዱ ዙር 30,000 ጫጩቶች ይኖራሉ፤ እነዚያው አዳኞች በ12 ቀናት 24,000ውን ያጠፋሉ። ከመቶ 80 ሆነ ማለት ነው። የአዳኝ ሆድ ልክ አለው። ግሪሳ ልጆቹን የሚያድነው እርሱ በሚሞላበት ቀን ሁሉንም በማቅረብ ነው።

ቀድሞ የደረሰ ማሳ

ይኸው ስሌት ተገልብጦ ሲታይ የይፋትን አርሶ አደር በቀጥታ ይመለከታል። በቆላው ያለው የዝናብ እጥረትና መዘግየት ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችን ተፈላጊ አድርጓል። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው መልካም፣ ከስሪንቃ የወጣው ግራና አንድ የመሳሰሉት ዝርያዎች ከአገሬው ረጅም ማሽላ ቀድመው ስለሚደርሱ ከድርቅ ያመልጣሉ። ሆኖም በአንድ ቀበሌ ሁለት ሦስት አርሶ አደሮች ብቻ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ሲዘሩ፣ በአካባቢው ብቸኛው እሸት የእነርሱ ይሆናል። 100,000 ወፎች በቀን የሚፈልጉት 10 ኩንታል ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ ከተወሰደ ማሳው በቀናት ውስጥ ያልቃል። በተመሳሳይ ሳምንት 300 ሄክታር እሸት ቢይዝ ግን ይኸው ጉዳት ለሁሉም ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሄክታር በቀን ከ4 ኪሎ ግራም ያነሰ ነው። ሐምሌ ላይ ከድርቅ እንዲያመልጥ የተመረጠው ዘር መስከረም ላይ ለወፍ የተጋለጠው በዝርያው ጉድለት አይደለም፤ ብቻውን ስለደረሰ ነው።

ስለሆነም በኩታ ገጠም የተደራጁ አርሶ አደሮች አንድ ዓይነት ዝርያን በተቀራረቡ ቀናት ሲዘሩ ለሜካናይዜሽንና ለገበያ ከሚያገኙት ጥቅም ባሻገር የወፍ ጉዳትንም ይካፈላሉ። ጥበቃውም በተራ ሊደረግ ይችላል፤ ይህም የልጆችን ጫና ያቃልላል። በተግባር ሁልጊዜ ይሳካል ማለት አይቻልም። ዝናቡ ከቀበሌ ቀበሌ እኩል አይጥልም፤ በመስኖ የሚያለማውና በዝናብ የሚያለማውም በአንድ ቀን አይዘራም። ቢሆንም የሁለት ሳምንት መቀራረብ እንኳ ልዩነት አለው።

በማሳ ውስጥና በዳርቻው የሚበቅለውን ሣር ዘር ሳይዝ ማረምም ይረዳል። መንጋው መጀመሪያ የሚሳበው በሣሩ ዘር ሲሆን፣ እዚያ ከደረሰ በኋላ ወደ ማሽላው መሻገሩ አይቀርም። ታኒን የተባለው መራራ ንጥረ ነገር የበዛባቸውን ቀይና ቡናማ ማሽላዎች ወፉ በእሸትነታቸው ጊዜ ብዙም አይወድም። ሌላ ምግብ ሲያጣ ግን እነርሱንም ይበላል። የእነዚህ ዝርያዎች እንጀራና ገበያ ከነጩ ያነሰ በመሆኑ አርሶ አደሩ እነርሱን ለመዝራት ቢያመነታ አይፈረድበትም።

የሚጋለጥበት ሰዓት

በአንድ ላይ መሆን ግሪሳን ከአዳኝ ቢያድነውም ለሰው ያጋልጠዋል። ቀን ላይ በብዙ ኪሎ ሜትሮች የተበተነ መንጋ በአውሮፕላን ሊደረስበት አይችልም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን መላው መንጋ በጥቂት ሄክታር ማደሪያ ላይ ይገኛል። ርጭት በምሽት የሚካሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ሥራ የግብርና ሚኒስቴር ከክልሎችና እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት ከተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ጋር ይተባበራል። በመራቢያ ስፍራ ደግሞ ዕድሉ ጎጆ መሥራት ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ጫጩቶቹ ክንፍ እስኪያወጡ ድረስ ያሉት አራት ሳምንታት ገደማ ናቸው። ከዚያ ካለፈ አሮጌው መንጋ ወደ ሌላ ስፍራ ተነስቷል፤ አዲሱም መብረር ጀምሯል።

የበረሃ አንበጣም በዚህ ረገድ ተመሳሳይ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋን፣ ደቡብና ሰሜን ወሎን ጨምሮ የምሥራቅ አማራ አካባቢዎችን የወረረው አንበጣ በተለመደው ጊዜ ብቻውን የሚኖር፣ ከመሰሎቹ የሚሸሽ ነፍሳት ነው። ዝናብ አብዝቶት በጠባብ ቦታ ሲጨናነቅ፣ አንዱ ከሌላው ጋር እየተነካካ ጠባዩን ይለውጣል፤ ቀለሙም ይቀየራል፤ በመንጋ መጓዝ ይጀምራል። ሴቶቹም እንቁላላቸውን በእርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ በተቀራረበ ቦታ ይጥላሉ። እንደ ግሪሳው ጫጩት ሁሉ የአንበጣው ኩብኩባም ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ አይበርም። ለመከላከል የሚያመቸው ጊዜ ይኸው ነው። አንበጣው ከበረረ በኋላ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

በግሪሳ ላይ የሚረጨው ኬሚካል ጉዳት የሌለው አይደለም። በብዛት ጥቅም ላይ የዋለው ፌንቲዮን ለሰውና ለእንስሳት መርዛማ ሲሆን፣ በተለይ ለሌሎች አእዋፍና በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት አደገኛ ነው። የተመረዘ ግሪሳ የበላ ጭልፊት ወይም ንስር ራሱ ሊሞት ይችላል፤ በዚህም ወፉን በተፈጥሮ የሚቆጣጠሩት አዳኞች ይመናመናሉ። ማደሪያው ከወንዝ ዳር ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ ርጭት ከተካሄደበት ስፍራ የሞቱ ወፎችን ለምግብ መሰብሰብ፣ ከብት ማሰማራትና ከዚያ ውኃ መቅዳት ፈጽሞ አይገባም። እንደ ታንዛኒያው ኮንዶዋ ባሉ አካባቢዎች ሰዎች ግሪሳን በመረብ በብዛት እየያዙ ይመገቡታል፤ ይህ የሚቻለው ግን ወፉ በኬሚካል ካልተነካ ብቻ ነው።

ርጭት የግሪሳን ዘር ከአገር ያጠፋል ብሎ መጠበቅም ትክክል አይደለም። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠርና በየዓመቱ በፍጥነት የሚራባ ወፍ በዚህ አያልቅም፤ ተመራማሪዎችም ይህን ተስፋ ካቆሙ ቆይተዋል። ዓላማው በተወሰነ ጊዜ የተወሰነ ሰብልን ማዳን ነው። ከሰብል እጅግ ርቆ የሚገኝ፣ ለማሳም ስጋት ያልሆነ ማደሪያ ላይ ኬሚካል ማፍሰስ ገንዘብንም አካባቢንም መጉዳት ይሆናል።

ማደሪያውን ማግኘት

ስለዚህ ቁልፉ ማደሪያውንና መራቢያውን በጊዜ ማወቅ ነው። ይህን ደግሞ ከአካባቢው ነዋሪ የተሻለ የሚያውቀው የለም፤ በተለይ ከብት ይዘው ወደ ምሥራቁ ሜዳ የሚወርዱ አርብቶ አደሮችና እረኞች መራቢያውን ከማንም በፊት ያዩታል። በሐምሌና በነሐሴ በግራር ላይ የተሰቀሉ፣ እንደ ኳስ የተድበለበሉ፣ በጎናቸው መግቢያ ያላቸው አረንጓዴ የሣር ጎጆዎች በብዛት መታየታቸው ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በዚያው ቀን ሊነገር የሚገባው መረጃ ነው። ጎጆው ወደ ቢጫነት ከተለወጠና የጫጩት ድምፅ መሰማት ከጀመረ ከጊዜው አብዛኛው አልፏል። አባ ኮዳ በአንድ የግራር ጫካ ላይ ተሰብስቦ ሲዞር መታየቱም የመራቢያ ስፍራ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ለማደሪያው ደግሞ ከዛፎቹ ሥር መሬቱን ያነጣው ኩስና ጠንካራ ሽታው፣ በምሽት ከሩቅ የሚሰማው ጫጫታ ዋና ምልክቶች ናቸው። ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ሆነ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው መረጃ የቦታውን ስም፣ ወፎቹ የታዩበትን ቀንና ሰዓት፣ በአቅራቢያው ያለውን ውኃና ማሳ የሚጠቅስ ቢሆን ባለሙያው ቦታውን ለመፈለግ የሚያባክነው ቀን አይኖርም። ማደሪያው ካልታወቀም የሚገኝበት ቀላል ዘዴ አለ። ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ሁለት ሰዎች ተራርቀው በሚገኙ ሁለት ማሳዎች ላይ ቆመው መንጋው የሚበርበትን አቅጣጫ ይመልከቱ። መንጋው ወደ ማደሪያው ሲያመራ ብዙውን ጊዜ አቅጣጫውን ሳይለቅ በዝቅታ ስለሚበር፣ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ወፉ የሚያድርበት ነው።